አሰልጣኙ ታሟል ያልንበት ሳምንት

አሰብ የገባሁት በአርባዎቹ መጨረሻ፣ በፌዴሬሽኑ ጊዜ፣ ከደሴ በካሚዮን ተጭኜ ነው። ለማስተማር ተመድቤ ስሄድ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። እናቴ ሙቀቱንና ባሕሩን ፈርታልኝ አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። ኳስን ፈርቶልኝ ያለቀሰ ሰው ግን አልነበረም። በዚያች ከተማ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በብርቱ የያዘኝ ፍርሃት የመጣው ግን ከባሕሩም ከሙቀቱም ይልቅ በኳስ በኩል ነው።

የተከራየሁት በሳንቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ቤት አለ፤ የወደቡ ቡድን አሰልጣኝና ሚስቱ ይኖሩበታል። ሰውየው ከአስመራ የመጣ መካኒክ ነው። ቀን የወደቡን ሞተሮች ሲጠግን ይውላል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ በባሕሩ ዳር ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ጫኝና አውራጁን፣ የጉምሩኩን ጸሐፊ፣ የመጋዘኑን ዘበኛ ሰብስቦ ኳስ ያሠለጥናል። ጠንቃቃና ዝምተኛ ነበር። ከጨዋታ ሲመለስ ቡድኑ ማሸነፉን የምናውቀው ከእሱ ፊት ሳይሆን ከኋላው ከሚመጣው የሕዝብ ጩኸት ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። እኔ እናቴ፣ እሷም እናቷ ሩቅ ስለነበሩ እርስ በርሳችን እህትም እናትም ሆነን ነበር የምንኖረው።

የግቢያችን አጥር ከሐጂ ሱቅ ጋር ይያያዛል። ሐጂ ከወሎ ወርደው አሰብ የከረሙ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበራቸው፤ ሙቀቱ በረድ ሲል የከተማው ኳስ ወዳድ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። የሚባለው ሁሉ በሳንቃው ክፍተት እየገባ ቤቴ ይደርሳል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ማን ጎል እንደሳተ፣ ማን እግሩ እንደሰነፈ እሰማለሁ። መጀመሪያ ያዝናናኝ ነበር። ብቸኝነቴንም ይወስድልኝ ነበር።

ያን ዓመት ቡድኑ እንደ ጉድ ያሸንፍ ነበር። ባሸነፈ ቁጥር ሕዝቡ አሰልጣኙን ትከሻው ላይ አድርጎ እየዘፈነ ግቢያችን ድረስ ያመጣዋል። አንድ ቀን ግን ከጨው ማምረቻው ቡድን ጋር እኩል ለእኩል ወጡ። ያን ቀን ትከሻ ላይ የሰቀለው አልነበረም፤ ተከትለውት ግን መጡ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ድንጋይ ተወርውሮ ሚስቱ ቆማበት የነበረውን የበር መቃን መታው። ከጭንቅላቷ በጣም የራቀ አልነበረም። እሱ እጇን ይዞ አስገባትና በሩን ዘጋ። በሳምንቱ ቡድኑን ለቀቀ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ሥራ በዛብኝ ብቻ አለ።

እሱ ከለቀቀ በኋላ የጅቡቲ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ መጣና የወደቡን ቡድን በገዛ ሜዳው አዋርዶት ሄደ። በማግስቱ አግዳሚው ወንበር ሞልቶ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔና የአሰልጣኙ ሚስት ቤቴ ውስጥ ምስር እየለቀምን እንሰማለን።

«አሰልጣኙ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው» አለ የጉምሩኩ ጸሐፊ። «አንድ ትልቅ ቡድን ጠርቶታል ሲባል ሰምቻለሁ። በአውሮፕላን ነው የሚወስዱት።»

«አገሩ አስመራ እያለ አዲስ አበባ ምን ያደርጋል?» አለ ሌላው። «የድሮ ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ናቸው።»

«ጅቡቲ ነው።»

ይህ ድምፅ የክሬን ነጂው ነው። በከተማው ውስጥ እንደሱ ቡድኑን የሚወድ ሰው አልነበረም። ቁመቱ የሐጂን ሱቅ መዝጊያ ያክላል። ሲያወራ የኛ ሳንቃ ይንቀጠቀጣል።

«ከጅቡቲዎቹ አለቃ ጋር ሲያወራ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ጨዋታው ሳያልቅ።»

«ሰላም ብሎት ይሆናላ» አሉ ሐጂ።

«ሰላም የሚባለው ጥላ ሥር ተለይቶ ሄዶ ነው?»

«ሰው እንጀራውን ቢቀይር ምን ነውር አለው? እኔስ ወሎን ትቼ መጥቼ የለ?»

«ሐጂ፣ እርስዎ ሲወጡ ወሎ ሦስት ለባዶ አልተመራችም» አለ ጸሐፊው። ሁሉም ሳቁ፤ እኛም ከሳንቃው ወዲህ አፋችንን በነጠላ ይዘን ሳቅን።

ክሬን ነጂው አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «እኛን ጥሎ እነሱን ሊያሠለጥን ከሄደ» አለ፣ «እዚህች ከተማ ተመልሶ ቢረግጥ ያንን እግሩን እሰብረዋለሁ። በእናቴ እምላለሁ።»

ተው የሚለው ሰው አለመኖሩ ከንግግሩ ይልቅ አስፈራኝ። ቀና ብዬ የአሰልጣኙን ሚስት ሳያት ምስሩን ትታ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እውነት ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ግን ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳች። ባሏ ወጥቷል። ከአንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ በስተደቡብ እስካለችው ራሔይታ መንደር ድረስ፣ ከዚያም የባሕሩን ዳር ይዞ ጅቡቲ ሊሻገር ነው። የቡድኑን ሰዎች አነጋግሮ፣ ለእሱ ሥራ፣ ለእሷ ቤት መኖሩን አይቶ ይመለሳል። ከዚያ ሁለቱም ጠቅልለው ይሄዳሉ።

«ያለ መውጫ ፈቃድ?» አልኳት።

«ማንም ከጠየቀሽ ታሟል በይ ብሎኛል። አንቺም እንደዚያው በይ። እባክሽ።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ይሁንና ሰውየው ሞተር ያውቃል እንጂ ሰው የሚያውቅ አልመሰለኝም። በኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን ይተኛል? ተጣልቶ የቆየ እንኳ ሕመም ከሰማ ሎሚ ይዞ ይመጣል። ታሟል ማለት ኑ ብሎ በር መክፈት ነው።

እንደፈራሁትም ሆነ። ያን ቀን ከመሥሪያ ቤት ሲቀር ታሟል አልን። ከቀትር በኋላ ሐጂ ተምርና ሎሚ ላኩ። የጉምሩኩ ጸሐፊ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በጠርሙስ አመጣ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሚስት የዶሮ ሾርባ ይዛ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ተኝቷል፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው፣ ብርሃን አይወድም፣ እያልኩ አንድ በአንድ መለስኩ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እውነት የታመመ ያለ ይመስል።

ከሁሉ የከፋው ነፋሱ ነው። እሱ በሄደበት ዕለት ረፋዱ ላይ ከደቡብ ተነሳ። አሰብ በዚያ ወራት ነፋስ ብርቅ አይደለም፤ ይሄኛው ግን አሸዋውን እያነሳ ቆርቆሮውን እንደ ወንፊት ያናውጠው ጀመር። ወደቡ ላይ ሥራ ቆመ። ሳንቡኮቹ፣ ባለ ሸራ ጀልባዎቹ፣ ገመዳቸውን አጥብቀው እርስ በርስ ተጠጉ። የአሰልጣኙ ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ የባሕሩን ድምፅ ታዳምጣለች። ወሬው ሳይሰማ አንድ ቀን አለፈ፤ ቀጥሎ ያለውም አለፈ። እህል አልቀምስ አለች። ለሰው ልናገር ብል ባሏን ለፖሊስና ለክሬን ነጂው አሳልፌ መስጠቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ባሕሩ ላይ ያለውን ሰው የሚፈልገው የለም። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ጠመኔ እንደያዝኩ የምጽፈው ይጠፋኝ ነበር።

ዓርብ ሙቀቱ ሲበርድ የአግዳሚው ወንበር ሰው በሙሉ ተነስቶ ወደ ግቢያችን መጣ። የግቢውን በር ያዝኩ። ክሬን ነጂው ከፊት ነው። ከኋላው ጸሐፊው፣ ሐጂ፣ አንድ ከሥራ የወጣ ፖሊስ፣ ሌሎችም።

«እንደምን ዋልሽ መምህርት» አለ ክሬን ነጂው። «ልንጠይቀው መጥተናል።»

«ተኝቷል» አልኩ።

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«የሚጋባ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ለናንተ ብዬ ነው።»

ይህን ያልኩት ያባርራቸዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዞር አለና «በሉ የሐኪም ቤቱን ድሬሰር ጥሩት» አለ። «የሚጋባ በሽታ ይዞት ሁለት ሴት ብቻቸውን ያስታምሙታል? እኛ ምን ሆነን?»

ከሐኪም ቤት ድሬሰሩን ለማምጣት አንዱ ሲሮጥ አየሁ። ነፋሱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ይጠቀልለዋል፣ እጄ የበሩን እንጨት አልለቅም አለ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ምን አለ?» ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ «ሰውየው የለም እንዴ?» አለ። ድምፃቸው ሲለወጥ ይሰማኛል። ያን ድንጋይ አስታወስኩ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ በር ተከፈተ። የአሰልጣኙ ሚስት በባዶ እግሯ ወጥታ ግቢው መሀል ቆመች።

«የለም» አለች። «አልታመመም። ጅቡቲ ሊሄድ በጀልባ ወጥቷል።»

ክሬን ነጂው እኔን በክንዱ ገለል አድርጎኝ አለፈ። ከእሷ ፊት ለፊት ሲቆም የእሱ ጥላ ሙሉ በሙሉ ዋጣት። ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መቼ ነው የወጣው?» አላት።

«ነፋሱ ሊነሳ ሲል። ያን ዕለት ማለዳ።»

«በሳንቡክ?»

«በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ።»

ክሬን ነጂው ያለበት ቦታ ላይ ቁጢጥ አለ። ዕድሜውን ወደብ ላይ የኖረ ነው፤ ያ ነፋስ በትንሽ ጀልባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ዋይ ኣነ» ብላ በትግርኛ ወየው አለች እሷ፣ እሱ ሲፈራ አይታ። እስከዚያ ድረስ ተስፋ አልቆረጠችም ነበር።

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ስለ ጅቡቲ የሰማሁት የለም» አለ። «ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ነፋስ ያዘው። እንደዚያ ነው የሰማሁት።» ሊለን የፈለገው ሁላችንም ገባን።

ወዲያው ወደ ባሕሩ ዳር ተጓዝን። ሐጂ አፋርኛ ስለሚችሉ መረባቸውን ከሚጠግኑት ሽማግሌዎች አንዱን አነጋገሩ። ሽማግሌው ብዙ አልተናገረም። ባለ ጀልባው የእህቱ ልጅ ነው። ባሕር ያውቃል፣ አይደፍረውም፤ ነፋሱ ገና ሲነሳ ወደ ዳር ወጥቶ ከሆነ ራሔይታ አካባቢ ይገኛል። ካልወጣ ግን፣ አለና የቀረውን በእጁ ወደ ባሕሩ አሳየ።

በማግስቱ ማለዳ ካሚዮን ተገኘ። ያመጣው የጨው ማምረቻው ሹፌር ነው፤ የእነዚያ፣ የተቃራኒዎቹ ቡድን ደጋፊ። አሰልጣኙ ባሕር ላይ ቀረ መባሉን ሰምቶ ሳይጠሩት መጣ። የአሰልጣኙ ሚስት አትሄጂም ብትባል እምቢ አለች። ቅዳሜ ስለነበር ትምህርት የለኝም፤ ከሹፌሩ ጎን እሷን መሀል አድርጌ ተቀመጥኩ። ወንዶቹ ከኋላ ወጡ። መንገድ የሚባል የለም፤ የጎማ ፋና ብቻ ነው። በግራችን ባሕሩ ነጭ አረፋ ይተፋል። ከኋላ አንድም የክርክር ድምፅ አይሰማም። እሷ እጄን ይዛ በየጉድጓዱ ስንነጥር ጥፍሯ ይገባብኛል፤ መንገድ ላይ ምጥ እንዳይመጣባት በልቤ ያልለመንኳቸው ቅዱሳን የሉም።

ወደ ራሔይታ ስንቃረብ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ፣ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተኝታለች። በአቅራቢያዋ ሰው አይታይም።

እሷ እጄን ለቀቀችና ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ ጣለች። እኔ ከካሚዮኑ መውረዴን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ወንዶቹ ሲሮጡ አሸዋው ወደ ኋላ ሲረጭብኝ ነው። ክሬን ነጂው ቀድሞ ደረሰ። ጀልባዋን በአንድ ጎኗ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከሥሯ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ጭንቅላት።

አሰልጣኙ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ በአሸዋ ቀልቷል፣ አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ባለ ጀልባው ነፋሱ ሳይበረታ ዳር አውጥቶት፣ ጀልባዋን ገልብጦ መጠለያ አድርጎለት፣ ራሱ ውኃ ሊያመጣ ሄዷል። እግሩን የጎዳው ሲወርድ ድንጋይ ላይ ነው።

ሚስቱን ደግፌ አመጣኋት። አጠገቡ ተቀመጠችና የሻሿን ጫፍ ከኮዳ ውኃ እያረጠበች ዓይኑን ታጥብለት ጀመር። ወንዶቹ በዙሪያው ቆሙ። ደስታ ነው ያየሁባቸው፤ ግን ደስታው ቶሎ ወደ ሌላ ነገር እንደሚለወጥ ስለማውቅ ልቤ አልተመለሰም።

«ጅቡቲ ደረስክ?» አለ ክሬን ነጂው።

«አልደረስኩም።»

«ልትሄድ ግን ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን? ምን አጎደልንብህ? አንተን ያህል የወደድነው ሰው አለ?»

አሰልጣኙ ቀና ብሎ አየው። «ፈራኋችሁ» አለው።

እሱ ቀስ እያለ ቀጠለ። «ስንሸነፍ አይደለም የፈራኋችሁ። ስናሸንፍና ትከሻችሁ ላይ ስታወጡኝ ነው የጀመረኝ። ከላይ ሆኜ ፊታችሁን ሳይ፣ ይሄ ሰው ነገ ብሸነፍ ምን ያደርገኛል እያልኩ አስብ ነበር። ከዚያ ድንጋዩ መጣ። ልጄ እዚያ ቤት እንዲወለድ አልፈለግኩም።»

«ድንጋዩን እኔ አልወረወርኩም» አለ ክሬን ነጂው።

«አውቃለሁ። አጠገብህ ቆሞ የነበረ ሰው ነው የወረወረው።»

ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ እስከዚያ ቀን ፈሪ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ሜዳ ሲቆጣጠር የማውቀው ሰው ከእኔ እኩል በሳንቃው ክፍተት እየሰማ ይፈራ እንደነበር አላወቅኩም። ሐጂ ዱላቸውን አሸዋው ውስጥ ተክለው «በሉ አንሱት፣ ፀሐይ ሳይበረታ» አሉ። ክሬን ነጂው ጎንበስ ብሎ አሰልጣኙን በትከሻው ሳይሆን በሁለት ክንዱ እንደ ሕፃን አቅፎ ካሚዮኑ ላይ አወጣው።

ስንመለስ አሰብ ላይ «ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነፋስ ያዘው» ተባለ። ፖሊሱ ሁለተኛ አላነሳውም። ለጊዜው አግዳሚው ወንበር ጸጥ አለ፤ ኋላ ክርክሩ ተመለሰ። አሁን ግን ማንም ጅቡቲ አይልም ነበር። አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አስመራ ይመለሳል፣ እግሩ ሲድን ወደኛ ይመጣል። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሐጂ «ሴትየዋ ተኝታለች» ይሏቸዋል። እኔም ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር በሬን መቀርቀሬን አልተውኩም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ክርስትናዋ ሲደርስ አሰልጣኙ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኘ። በሚሄዱበት ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የሸኛቸው ሰው ብዙ ነበር፤ ግን ማንም አልዘፈነም። ክሬን ነጂው ሣጥናቸውን ተሸክሞ ደረጃው ሥር አደረሰና አንድ ነገር ሊናገር ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ስለሚጮህ የሰማሁት የለም። አሰልጣኙ ጭንቅላቱን ነቀነቀለት፤ ሆኖም ሕፃኗን ለማሳየት አልገለጣትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እኔም አዲስ አበባ ተዛውሬ ሚስቱን ገበያ ላይ አገኘኋት። ተቃቅፈን አለቀስን። አሁንም ያሠለጥናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ከዚያ ወዲያ ፊሽካ አልነካም» አለችኝ። «ስታዲየም ግን አይቀርም። ከመውጫው አጠገብ ይቀመጣል። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይጠብቅ፣ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ቤት ሆኜ ራት አቀርባለሁ፤ እሱ ልብሱን ቀይሮ ሲቀመጥ ነው ጩኸቱ ከሩቅ የሚሰማን።»